ስሙ ብቻ የተቀየረ ገጽ

ጥቅምት 4
የስፌት አሰልጣኝ ሆንኩ! ለጊዜው ቢሆንም... የታላቅ እህቴ የእታለም ወንበር ላይ ነው ያስቀመጡኝ። ነፍሷን ይማርና፣ መሳቢያው ውስጥ መቀሷ አለ። የግራኝ መቀስ። ሞከርኩት፤ በእኔ ቀኝ እጅ ጨርቁን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጥም።

የማሠልጠኛው ኃላፊ፦ "ቋሚ መሆን ከፈለግሽ ዲጂታል ፖርትፎሊዮ አዘጋጂ። ሥራሽን ፎቶ እያነሳሽ ጫኚ፣ ከሥሩ የተማርሽውን ጻፊ። ዕድገትሽ ይታይ።" የኮምፒዩተር ባለሙያው ደግሞ አዲስ ገጽ መክፈት ታከተው። "የእህትሽን ሰጥቼሻለሁ፤ ስሙን ብቻ ቀይሬዋለሁ።" ሰነፍ!

ጥቅምት 11
የመጀመሪያ ኮሌታዬን ጫንኩ። ጠማማ ነው። "ዛሬ ምን ተማርኩ?" ይላል ገጹ። "ትዕግሥት" ብዬ ሞላሁ። ውሸቴን ነው።

የእማዬን ፀጉር አበጠርኩላት። ዓይኗ ማየት ካቆመ ወዲህ በእጄ ነው የምታውቀኝ። "ሚጢ፣ ቀስ በይ! ነጨሽኝ እኮ!" እታለም እንዲህ አትጎትታትም ነበር። ምን ላድርግ? እጄ ነው።

ጥቅምት 25
ኃላፊዋ አዲሱን ኮሌታ ወደደችው። ከዚያ ስልኳን አስጠጋችልኝ። "ግራኝ ነሽ እንዴ?" የጫንኩት ፎቶ ላይ መርፌውን የያዘው ግራ እጅ ነው። ካሜራው ገልብጦት ይሆናል አልኩ። ከኋላ ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አልተገለበጠም...

ኅዳር 2
ገጹ ላይ ያልጻፍኩት ነገር አለ። "ዛሬ ምን ተማርኩ? ክር በጥርስ መበጠስ ተውኩ።"

እኔ መች በጥርሴ በጥሼ አውቃለሁ? እታለም ናት። እማዬ ስንቴ ተቆጥታታለች... ሰው ከሞተ በኋላም ይማራል እንዴ?

ባለሙያው ጋ ሮጥኩ። "አዲስ ክፈትልኝ።" "ያን ሁሉ ዕድገት ልትጥዪው? ግምገማው ደርሶ ከዜሮ ልትጀምሪ?" ትቼው ተመለስኩ። ሥራውን እፈልገዋለሁ። እማዬን ማን ያኖርልኛል?

ኅዳር 9
መቀሱ ዛሬ ቆረጠልኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ በየትኛው እጄ እንደያዝኩት አየሁና ጣልኩት።

ኅዳር 16
ቋሚ ሆንኩ። ኃላፊዋ ገጹን ከላይ እስከ ታች አሳየችኝ፣ የእታለምን ሥራ፣ ከዚያ የእኔን። "የአንድ ሰው እጅ እኮ ነው የሚመስለው!" አለችኝ፣ ደስ እንዲለኝ ብላ።

እማዬን ላበስራት ቤት ገባሁ። የተኛች መስሎኝ ዝም ብዬ ማበጠሪያውን አንስቼ ጀመርኩላት። አልጮኸችም። እጄን ያዘችና ጉንጯ ላይ አደረገችው። ግራ እጄን።

"መጣሽ ልጄ? የት ከርመሽ ነው?"

እየሳቀች ታለቅሳለች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ... እኔ ነኝ፣ ሚጢ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። አልቻልኩም። አሳዘነችኝ። እኔም ለራሴ አዘንኩ። ፀጉሯን ጎንጉኜ ስጨርስ ዞር አለች።

"ሚጢስ? ሚጢ የት ሄደች?"

"ትመጣለች" አልኳት።