የጤና መድን ለቦርጭ ይከፍላል ወይ?

ለፋዲላ አባት፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። እንዴት ከረምክ? ጨጓራህስ ተሻለህ? አሊዩ አምባ በርበሬ ያበዛሉ ሲሉ ሰምቼ ሐሳብ ሆኖብኛል። ሰው በደብዳቤ «ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» ይላል፤ እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ፋዲላም ደህና ናት። የኒካዋ ቀን ከተቆረጠ ወዲህ ግን እህል አይወርድላትም፤ እሷ የተወችውን የምጨርሰው እኔ ነኝ።

ለምን እንዳልደወልኩ ታውቀዋለህ። በስልክ ሦስት ቃል ሳንነጋገር ነው የምንጣላው። በወረቀት ግን አታቋርጠኝም።

ነገሩ የጀመረው ልብስ ሰፊው ፍቅሩ ጋ ነው። የሠርጉን ቀሚስ ላሰፋ ሄጄ ወገቤን ለካ። ደግሞ ለካ። ከዚያ ሜትሩን ገልብጦ አየው፤ የተሳሳተው ሜትሩ መስሎት ነው። በመጨረሻ በብዙ ትሕትና፣ ጨርቁ ላይ አንድ ክንድ ብጨምር ምን እንደሚመስለኝ ጠየቀኝ። እህህ ብዬ ጨመርኩ።

ይህንንስ ችዬው እኖር ነበር። ግን ያን ሰሞን ጎረቤቴ ሰሊማ ማሾዋን ሸጣ ከአሊዩ አምባ ገበያ ስትመለስ ወሬ ይዛ መጣች። አንተ ሚስት አግብተሃል አሉ። ቀጭን ናት አሉ፣ ነፋስ የሚወስዳት ዓይነት። ለፋዲላ ሠርግም ይዘሃት ትመጣለህ አሉ። እኔ ታዲያ የሙሽራዋ እናት ተብዬ፣ ወንበሩን ጢም አድርጌ ሞልቼ፣ እሷን እያየሁ ልውል ነው? እውነቱን ልንገርህ፣ አለቀስኩ። ከተለያየን ወዲህ ስላንተ ሳለቅስ ያ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ይሄኛው ግን አቃጠለኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ስብ በቱቦ የሚመጥ ሐኪም እንዳለ በቴሌቪዥን ሰምቼ ነበር። በኪሴ የሚሞከር ነገር አይደለም። የሰሊማ ባል ግን አምና ሆዱን ተቀዶ የዳነው በጤና መድን ነው። ሆድ ሆድ ነው ብዬ ማክሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያው ውስጥ ወዳለው የመድን ቢሮ ሄድኩ።

መዝጋቢው አብዱሰላም ይባላል፤ ረጋ ያለ ሰው ነው። ከተለያየን ወዲህ አባል እንዳልሆንኩ፣ ቦርጬን የሚያስወግዱልኝ ከሆነ ግን ዛሬውኑ እንደምመዘገብ ነገርኩት። መድኑ ለሕመም እንጂ ለውበት ለሚደረግ ቀዶ ጥገና አይከፍልም አለኝ። ውበቱንማ አላህ ሰጥቶኝ ነበር፣ እኔ የምለው የጋረደውን አንሱልኝ ነው ብዬ ተከራከርኩ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች ደገፉኝ፤ አንዷማ ከተፈቀደ የሷንም ስም እንዲጽፍላት ጠየቀች። አብዱሰላም ላብ በላብ ሆነ። ሐኪም ሕመም ነው ብሎ ከጻፈ ያኔ እናያለን ብሎ ገላገለኝ።

ሐኪሟ ጸደንያ ትባላለች፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች፣ የኛ ሙቀት ያከሳት። ጉልበቴን አጥፋ ዘርግታ፣ ሆዴን ነካክታ፣ ጉልበቴ ሕመም ነው፣ ቦርጬ ግን ቦርጭ ነው አለች። አባል ከሆንኩ የጉልበቴን መድኃኒት መድኑ ይከፍልልኛል፤ ለቦርጬ የሚከፍል ግን የለም። ጠዋት ጠዋት በእግሬ እየሄድኩ ላብ እንዲወጣኝም መከረችኝ። በሸዋ ሮቢት ላብ ስብ የሚያቀልጥ ቢሆን እኔ እስካሁን ተንኜ አልቄ ነበር አልኳት። ሳቀች። እኔም ለጉልበቴ እንኳ ልመዝገብ ብዬ ወደ አብዱሰላም ተመለስኩ።

ስሜን ከነአባቴ ነገርኩት። መዝገቡን ገለጠ፣ ፎቶ አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየ። በዚህ ስም አንዲት ቀጭን ሴት ተመዝግባለች፣ ሞክሼዎ ትሆን እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ዘንበል ብዬ ባይ እኔው ነኝ። አንገት በነበረኝ ጊዜ የተነሳሁት ፎቶ ነው። በቤተሰብ ኃላፊነት አንተ፣ ካንተ ሥር «ባለቤት» ተብዬ እኔ፣ ከኔ ሥር ፋዲላ። ሰሊማ ያወራችላትን ቀጭን ሴት ፍለጋ ገጹን ገልብጬ ሁሉ አየሁ። የለችም።

ከተለያየን ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ በየጥር ወሩ እየመጣህ አድሰኸዋል ለካ። አብዱሰላም እንዳለኝ አምና «ከተለያያችሁ የሷን ስም ላውጣው» ብሎህ ነበር። ምን ብለህ እንደመለስክለት ቃል በቃል ነገረኝ፦

«ተወው፤ ምናልባት ትታመም ይሆናል። ብትታመምም ለኔ አትነግረኝም።»

የፋዲላ አባት፣ እዚያው ወረፋው መሐል ስሜን በጣቴ ተከትዬ ደግሜ አነበብኩት። ቀጥሎ ደግሞ ተናደድኩ። መድን እንዳለኝ ሳላውቅ ሦስት ዓመት ጉልበቴን በቅባት ሳሽ መኖሬ ነው? አንተስ እዚህ ድረስ መጥተህ በሬን ሳታንኳኳ ትመለሳለህ? ከጤና ጣቢያው እስከ ቤቴ ባጃጅ እንኳ የማያስይዝ መንገድ ነው። የተለያየነውም አንተ አሊዩ አምባ ያለውን የሟች አባትህን ሱቅ ልያዝ፣ እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም ተባብለን እንጂ ሌላ ምን ነበረን? ሁለታችንም እልኸኞች ነን። ደግሞ ያንተ ይብሳል።

አብዱሰላም ሕጉን አስረዳኝ። የተለያዩ ሰዎች የሚመዘገቡት ለየብቻ ነው፤ እኔም ካንተ ሥር እንድወጣ መፈረም አለብኝ። ቅጹን ከመሳቢያ አውጥቶ ከእስክሪብቶ ጋር ዘረጋልኝ። ብዙ አየሁት። ከዚያ ይቅርታ ወንድሜ፣ መነጽሬን ቤት ስለረሳሁ ማንበብ አልችልም፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ አልኩት። መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነበር። አብዱሰላም ጨዋ ሰው ነው፤ ቅጹን አጥፎ መለሰው።

ሌላ ወሬ የለም። የፋዲላን ኒካ የሚያስሩት ሼህ ትናንት ቤት መጥተው ነበር። ለአንዲት ጓደኛዬ ብዬ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፤ በአንድ ጠላቅ፣ አንዴ ብቻ በተባለ ፍቺ፣ የተለያዩ ባልና ሚስት፣ ዓመታትም ቢያልፉ፣ ከፈለጉ በአዲስ ኒካ መመለስ ይችላሉ አሉኝ። ለጓደኛዬ ነግሬያታለሁ። እያሰበችበት ነው።

ለሠርጉ ቀደም ብለህ ና። አላህ ጤናህን ይጠብቅልኝ፣ መንገድህን ያቅናልህ፣ ሱቅህንም በረካ ያድርገው፤ ከቻለ ወደዚህ ያምጣው።

የፋዲላ እናት፣
በመድኑ መዝገብ ላይ ደግሞ ባለቤት