መጸለይ የማይችሉት እንግዳችን

ውድ ፕሮፌሰር ቴልፎርድ፣

እንደምን ከረሙ? በአማርኛ የምጽፍልዎ ላስቸግርዎ ብዬ አይደለም። «መጀመሪያ በምትጣዪበት ቋንቋ ጻፊ፣ ከዚያ ተርጉሚው» ይሉኝ የነበሩት እርስዎ ነዎት። እውነቱን ለመናገር የምጣላው በሀዲይኛ ነው፤ ከልቤ ሳመሰግን ግን አማርኛ ይቀናኛል። ዓይንዎ መድከሙን ስለነገሩኝ እሑድ ስደውል እየተረጎምኩ አነብልዎታለሁ።

የላኩልኝ ኢሜይል መጀመሪያ አስለቀሰኝ፣ ቀጥሎ አናደደኝ። ሐኪሞቹ ያሉትን በአንድ መስመር ነግረውኝ፣ የቀረውን ገጽ ራስዎን ሲከሱ ጨረሱት። «ዕድሜዬን ሙሉ ስለ እውነት ሳወራ ኖርኩ፤ አንድ ሰው እንኳ መጥቀሜን እንጃ» አሉ። የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ ሆነው ከኦሃዮ ተነሡ፣ ስንቱን ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፣ ማንም አንብቦ የማይጨርሰው ቀጭን መጽሐፍ ጻፉ። (አይቆጡ፣ እኔ ሁለቴ አንብቤዋለሁ።) እኩዮችዎ ጡረታ ወጥተው ሐይቅ ዳር ቤት ሲገዙ፣ እርስዎ ጆሃንስበርግ መጥተው እኛን አስተማሩ። አሁን «እንጃ» ይሉኛል? እርስዎ ካላወቁ የማውቀውን እኔ ልንገርዎ።

ያን ጊዜ ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎ ነበርኩ። ወንድሜ አቢሶ ኦሬንጅ ፋርም ባለችው ስፓዛችን፣ በትንሿ የሰፈር ሱቃችን፣ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆሞ፣ ዳቦና ሳሙና እየሸጠ ነው ያስተማረኝ። ፍልስፍና መምረጤን ሲሰማ «አካውንቲንግ ጠፍቶ ነው?» ብሎ አልፎት ነበር። በኋላ ግን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ይሄ ትምህርት እምነት ያስክዳል» ሲሉት እንቅልፍ አጣ። አንድ ጠዋት በዙሉኛ «ሳውቦና ማማ» ብሎ ሰላምታ እየሰጠ ለደንበኛ ዳቦ አቀብሎ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረ።

«እናታችን ስትሞት አንቺን ለእኔ ነው የሰጠችኝ። ነፍስሽ ከጠፋች ምን ብዬ እመልስላታለሁ? ይሄ ተርም ሲያልቅ ወደ ሱቅ ትመለሻለሽ» አለኝ።

ክፋት ቢሆን ኖሮ በተከራከርኩት ነበር። ፍርሃት ስለሆነ ግን ወደ እርስዎ መጣሁ።

ስነግርዎ «ወንድምሽን ላነጋግረው» አሉ። በእኛ አገር እንዲህ ላለው ጉዳይ ሽማግሌ ይላካል፤ እርስዎ ራስዎን ላኩ። እሑድ ጠዋት ታክሲ ስንጠብቅ፣ ታክሲ የሚቆመው ለየሰፈሩ በተለየ የእጅ ምልክት ስለሆነ፣ የኦሬንጅ ፋርም ምልክት ብርቱካን እንደያዘ ሰው እጅን ጎድጎድ ማድረግ ነው ብዬ አሳየሁዎት። እርስዎ ግን ጥያቄ እንዳለው ተማሪ ጣትዎን ወደ ላይ ቀሰሩ፤ ወደ ሌላ ሰፈር የሚሄዱት ሁሉ ቆሙልን። ሹፌሮቹ ምን እንዳሉን ያኔም አልተረጎምኩልዎትም፣ አሁንም አልተረጉምም።

አቢሶ «ከአምልኮ በኋላ እንነጋገራለን» ስላለ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ችግሩ የመጣው እዚያ ነው። እኛ ሆሳዕና ያደግን ሰዎች፣ ሸምገል ያለ ፈረንጅ መጽሐፍ በብብቱ ይዞ ካየን ከሚስዮናዊነት ሌላ ሥራ ይኖረዋል ብለን አናስብም። ለአቢሶ ሊሰጡት ያመጡት የራስዎ መጽሐፍ መሆኑን ማን ይጠይቅ? መጋቢ ማናሴ «ጌታ ባሪያውን ከአሜሪካ ልኮልናል!» ሲሉ እልልታው የቆርቆሮውን ጣሪያ ነቀነቀው። ዞር ብዬ ሳይ እርስዎ መድረክ ላይ ነዎት። የታመሙት ሊጸለይላቸው ተሰለፉ፤ እማማ በቀለች ወገባቸውን ይዘው ከሁሉም ፊት ቆሙ። እኔን ደግሞ ለማስተርጎም ከጎንዎ አቆሙኝ።

«ምን አድርግ እያሉኝ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«እጅዎን ጭነው እንዲጸልዩላቸው።»

«እኔ እኮ አላምንም፣ ኤርጎጌ።»

«አውቃለሁ።»

አቢሶን አየሁት። ፊቱ በርቷል። እህቱ ከእግዚአብሔር ሰው እግር ሥር ስትማር የከረመች መስሎታል። አንዲት «አሜን» ትምህርቴን ታተርፍልኝ ነበር፤ እርስዎም ይህ ገብቶዎታል። ግንባርዎን ጠርገው «እኔ እውነቱን እናገራለሁ። አንቺ የሚበጅሽን ተርጉሚ፤ አልቀየምሽም» አሉኝ። «እንዳትዋሺ» ብለው ቢያዙኝ ኖሮ፣ እውነቴን ነው፣ ዋሽቼ ነበር። ስለፈቀዱልኝ አቃተኝ።

«መጸለይ አልችልም» አሉ ለሕዝቡ። «የማላምነውን እንደሚያምን ሰው ሆኜ ብቆም እናንተን መናቅ ይሆንብኛል። ከፈቀዳችሁልኝ ግን አጠገባችሁ ልቀመጥና የሚያማችሁን ልስማ።»

ቃል በቃል ተረጎምኩት። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ ስትል እስከዚያ ቀን አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወርደው ከእማማ በቀለች ጎን ተቀመጡ። እማማ ከወገባቸው ሕመም ጀምረው ደርባን ላይ በሞተው ልጃቸው ጨረሱ፤ ስለ እሱ አውርተው አያውቁም ነበር። እርስዎ እጃቸውን ይዘው «ሲስቅ ምን ይመስል ነበር?» ብለው ጠየቋቸው። እማማ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ እስኪወጣላቸው አለቀሱ። መጋቢ ማናሴ ግራ ቢገባቸው መዝሙር አስጀመሩ።

ሱቅ ስንመለስ አበቃልኝ ብዬ ነበር። አቢሶ ለእርስዎ ለስላሳ ከፍቶ ሰጠና ወደ እኔ ዞረ።

«ሰውዬው አያምኑም።»

«አዎ።»

«መዋሸት ይቀላቸው ነበር።»

«አዎ።»

የለስላሳውን ክዳን ከመሬት አነሣ። «የሰው እምነት የሚሰርቅ እንዲህ ፊት ለፊት አይመጣም። ትምህርትሽን ቀጥዪ» አለኝ።

እነሆ ዛሬ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን አስተምራለሁ። እምነቴም አለ፤ ስንት ጊዜ ተከራክረንበት፣ አሸነፍኩ ባልልም አልተሸነፍኩም። አመሰግንዎታለሁ። በሕይወቴ ቀና ብዬ የቆምኩበትን ቦታ ሁሉ ሳስብ፣ እርስዎ ከጎኔ ቆመው ላብዎን ሲጠርጉ ይታየኛል።

ባለፈው እሑድ አቢሶ መታመምዎን ለጉባኤው ነገረ። መጋቢ ማናሴ ለጸሎት እጃቸውን ሲያነሡ «መጋቢ፣ ይቅርታ» አላቸው። «እሳቸው እኛን አልዋሹንም። እኛም ያላመኑበትን አንጫንባቸው። እሳቸው እንዳደረጉልን እናድርግ።» ባዶ ወንበር አምጥቶ ፊት ለፊት አቆመ። ሁላችንም ዙሪያውን ተቀምጠን ዝም አልን። እማማ በቀለች «ጌታ ሆይ» ብለው ጀምረው ነበር፤ አቢሶ በዓይኑ ሲለምናቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

እሑድ ስደውል ሁሉም ስልኩን ከበው ይቀመጣሉ። የሚያምዎትን ይንገሩን። እማማ በቀለችም የሚጠይቁዎት አላቸው፦ የአውቶቡስ ሹፌሩ አባትዎ ሲስቁ ምን ይመስሉ ነበር?

አንድ ነገር ቀረኝ። ያን ዕለት ወንበሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ እኔ በልቤ ጸልያለሁ። ይህንንም ቃል በቃል እተረጉምልዎታለሁ።

አጠገብዎ ያለሁት፣
ኤርጎጌ
ኦሬንጅ ፋርም፣ ጆሃንስበርግ