ነገ ጠዋት ሲጠይቁኝ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፤

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? እማዬስ እንዴት ናት? ወገቧን ተሻላት ወይስ አሁንም ከመቀመጫዋ ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች? ታናሻችን ድንቢጥስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ሁላችሁም በጤና እንድትቆዩልኝ ሁልጊዜ እለምናለሁ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እግሬም ደህና ነው። እማዬ "እስቲ አንብቢልኝ" ካለችሽ እስከዚህ ድረስ አንብቢላት። የቀረው ላንቺ ብቻ ነው።

እታለም፣ ፈርቻለሁ። ልደውልልሽ ብዬ ነበር፤ ግን ስልኩ ያለው ዶርማችን ኮሪደር ላይ ነው፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይሰማል። ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ እንኳን በስልክ ፊት ለፊትም ጀምሬ አልጨርስም። ስለዚህ ልጆቹ ልምምድ ላይ ሳሉ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ፣ ባልዲ ገልብጬ ተቀምጬ እየጻፍኩልሽ ነው። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ።

እኔ ከልምምድ ታግጃለሁ። ሽንትሽ ውስጥ አበረታች መድኃኒት ተገኘ ተብያለሁ። ነገ ጠዋት ኮሚቴ ፊት ቀርቤ ከየት እንዳመጣሁት እጠየቃለሁ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

እዚህ ኮሌጅ እንደገባሁ፣ ልምምድ ስንጨርስ ወጌሻው በየተራ እግራችንን ያሸን ነበር። አሽቶ ሲጨርስ ከቱታው ኪስ አንድ ቢጫ እንክብል አውጥቶ መዳፋችን ላይ ጠብ ያደርግና "ለደም ነው፣ ዋጥ አድርጊያት" ይላል። የመጣበትን ጠርሙስ አይተን አናውቅም። ልጆቹ እየተሳሳቁ ይውጣሉ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ፣ ወሬ ስለማታቋርጥ ሬዲዮ ነው የምንላት፣ "ወጌሻ፣ ለደም ከሆነ ለኔ ሁለት ስጠኝ፤ የኔ ደም በምላሴ አልቋል" ትለዋለች። እኔ የመጀመሪያው ቀን መዳፌ ላይ ይዤው ቆምኩ። ምን እንደሆነ ልጠይቅ ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ። አሰልጣኙ አየኝና መጥቶ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። "አይዞሽ፣ እህትሽም ይህንኑ ነበር የምትወስደው" አለኝ።

እንደዚያ ሲለኝ ደስ አለኝ፣ እታለም። አንቺ በሮጥሽበት መም ላይ እየሮጥኩ፣ አንቺ የዋጥሽውን ስውጥ አጠገቤ ያለሽ መሰለኝ። ያለ ውሃ ዋጥኩት።

አላስተማሯችሁም ወይ ትይኝ ይሆናል። አስተምረውናል። አንድ ቀን አዳራሽ ሰበሰቡንና ከረባት ያሰረ ሰውዬ ግድግዳ ላይ ምስል እያሳየ ሲናገር ዋለ። የመድኃኒቶቹ ስም ረጃጅም ነው፤ እኔ በትንሿ ትምህርቴ አንዱን ይዤ ሌላውን ሳልይዝ ያልፋል። ስለ ጉበት ተናገረ፣ ስለ ልብ ተናገረ። ጢም ያበቀለች ሴት ሲያሳየን ሬዲዮ "ይቺስ ባል ምን ያደርግላታል፣ ራሷ ሆናዋለች" አለች፣ የኋላው ረድፍ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ የያዝኩት "ወደ ሰውነታችሁ ለሚገባው ነገር ሁሉ ተጠያቂዎቹ እናንተው ናችሁ" የሚለውን ብቻ ነው፤ ደጋግሞ ስላለው። ያን ጊዜ ቢጫው እንክብል ትዝ አለኝ። ልጠይቅ ብዬ እጄን እስከ ጆሮዬ አነሳሁና ሰው ሲዞርብኝ ራሴን አከክኩበት።

መጨረሻ ላይ ፈተና ሰጡን። ሰውዬው ዕቃውን ሲሰበስብ ምክትል አሰልጣኙ ፊታችን ቆሞ "አንደኛ ሀ! ሁለተኛ መ!" እያለ ጮክ ብሎ መልሱን ነገረን፤ እኛም እየተከተልን አከበብን። ሁላችንም ደፈንን። ሰውዬው ወረቀቱን አይቶ "እንደናንተ ትምህርቱ የገባው ኮሌጅ አላጋጠመኝም" ብሎ አመሰገነን። አሰልጣኙ በሩ ላይ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር።

ከዚያ ውድድሩ ደረሰ። ሁለተኛ ወጣሁ። ገና ትንፋሼ ሳይመለስ፣ መታወቂያ ደረቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ መጥታ "ከአሁን በኋላ ከዓይኔ አትርቂም" አለችኝ። የምታስረኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ሽንት ተቀባይ ናት። ጫማዬን ስፈታ ታየኛለች፣ ላቤን ስጠርግ ታየኛለች። መጸዳጃ ቤትም አብራኝ ገባች። በሩ ሊዘጋ አይችልም፣ እሷም ፊቷን ልታዞር አይፈቀድላትም። ሹራብሽን እስከ ደረትሽ ሰብስቢ፣ ቱታሽን እስከ ጉልበትሽ አውርጂ አለችኝ። እታለም፣ እኔ እኮ አንቺና ድንቢጥ ባላችሁበት ልብስ የማልቀይር ሰው ነኝ! አንዲት ጠብታ አልወጣ አለኝ። ሴትዮዋ አዘነችልኝ መሰለኝ "ልጄ፣ እኔ የስንቱን አይቻለሁ፤ ካንቺም የተለየ ወርቅ አይወጣ" አለች ልታስቀኝ። አልሳቅኩም። ሳልሰጥ ብሄድ ምን ይሆናል ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኳት። "እንቢ እንዳልሽ ነው የሚቆጠረው፤ መድኃኒት ከተገኘበት ሰው አትለዪም" አለችኝ።

ይህን ስሰማ የታሸገ ውሃ እያነሳሁ መጠጣት ጀመርኩ። አንዱን ጨርሼ ሌላውን። ሴትዮዋ "ቀስ በይ" ብትለኝም አልሰማኋትም፤ ሆዴ ከበሮ ሆነ። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እንደ ልጅነታችን በውስጤ እየቆጠርኩ፣ መጣልኝ። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። እሷ ግን በመለኪያዋ አየችውና ራሷን ነቀነቀች። "ይሄ ውሃ ነው፣ ልጄ። በጣም ቀጥኗል፣ አይቀበሉኝም። እንደገና ነው" አለች። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ስታዲየሙ ባዶ ሆኖ፣ ጠራጊዎቹ ወንበሩን ሁሉ ጠርገው እስኪወጡ ድረስ እዚያ ክፍል ተቀመጥኩ።

ሁለተኛው ተቀባይነት አገኘ። ሴትዮዋ ጠርሙሶቹን አሽጋ ስትጨርስ "ሰሞኑን የዋጥሽው ነገር አለ? እንክብል፣ ሽሮፕ፣ መርፌ የተወጋሽው?" ብላ ጠየቀችኝ። አሰልጣኙ እንደ አሳዳጊዬ ሆኖ ገብቶ አጠገቤ ተቀምጧል። እኔ አፌን ሳልከፍት "ይቺ? ይቺ እኮ የራስ ምታት ክኒን እንኳ አይታ አታውቅም!" ብሎ ሳቀ። ሴትዮዋ አልሳቀችም። "እሷን ነው የጠየቅኩት" አለችው። ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም። እኔ የአሰልጣኙን ጫማ እያየሁ "ምንም" አልኩ። ነገ ይህችን ቃል ነው መልሰው የሚያነቡልኝ።

ውጤቱ ሲመጣ አሰልጣኙ ቢሮው አስገባኝና በሩን ዘጋው። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። "ስሚኝ የኔ ልጅ" አለኝ፣ "ጉንፋን ይዞኝ ከሱቅ ገዝቼ ዋጥኩ ትያለሽ። ከየትኛው ሱቅ ሲሉሽ አላስታውሰውም ትያለሽ። ልጅ ነሽ፣ ያዝኑልሻል። ትንሽ ጊዜ ይቀጡሽና ቤትሽ ትገቢያለሽ፤ ዓለም አያልቅም።" ወጌሻውስ ልለው ፈልጌ "ወ..." ብቻ ወጣኝ። ገባው። "ወጌሻው ምን አደረገ? ማን አየው? ፈተናውን ደፍነሽ የለም እንዴ፣ አላወቅኩም ብትዪ ማን ያምንሻል? የእሱን ስም ብታነሺ የጓደኞችሽን ሁሉ ጉሮሮ ነው የምትዘጊው" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቤተሰብሽም አይጎዳም። ያቺ ትንሿ፣ ድንቢጥ ነው የምትሏት? ጥሩ እግር አላት አሉ። ስትደርስ ቦታዋ እዚሁ ነው፣ ከነትምህርቷ ከነመኝታዋ። እኔ ቃሌን የማጥፍ ሰው አይደለሁም። ካላመንሽ ታላቅ እህትሽን ጠይቂያት።"

እታለም፣ እኔ አልጠይቅሽም።

ከዚያ ወዲህ ግን ቦርሳሽን ይዘሽ የመጣሽበት ቀን ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። "ጉልበቴን ነው" ብለሽ ገባሽ። እማዬ ዘይት እያሞቀች ታሽሽ ጀመር። አንድ ቀን ድንቢጥ "ትናንት የግራው አልነበረም እንዴ?" ስትል እማዬ "ዝም በይ አንቺ፣ ሕመም ይዞራል" ብላ ተቆጣቻት፤ አንቺ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። ብዙ ሳይቆይ አሰልጣኙ ሰዓቱን ይዞ እኔን ሊያይ ቤታችን ድረስ መጣ። እማዬ ወንበር ጠርጋ ስታስቀምጠው አንቺ ራሴን አሞኛል ብለሽ ከጓዳ አልወጣሽም። ቅናት ይዟት ነው ብዬ አሰብኩ። ለዚህ ሐሳቤ ይቅር በዪኝ። ሜዳው ላይ አስሮጠኝ፤ ዙሩን ሳልጨርስ "ይበቃል፣ ተቀብያታለሁ" አለ። እማዬ እልል አለች። እኔም እግሬ ምን ቢያምር ነው እያልኩ ሰነበትኩ። ግማሹን ብቻ ነበር እኮ የሮጥኩት፣ እታለም።

ለሬዲዮ ነገርኳት። ሕይወቷን ሙሉ ተናግራ የማትጠግበው ልጅ ዝም አለች። ቆይታ "እኔን እንዳትነካኪኝ በፈጠረሽ፤ እናቴ ተስፋዋ እኔ ብቻ ነኝ" አለችና ተጠቅልላ ተኛች። ጠዋት ስነሳ ካልሲዎቼ ሁሉ ታጥበው አልጋዬ ጫፍ ላይ ታጥፈው አገኘኋቸው። እሷ ወጥታለች። እሷም የምትውጠው ያንኑ ነው። ብናገር እሷንም ይመረምሯታል፤ ዝም ብል ነገም ትውጠዋለች።

ምን ምን እንደምፈራ ልንገርሽ። ረጅሙን ጠረጴዛ እፈራለሁ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያዩኝ እፈራለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ይህን ቦታ ማጣት እፈራለሁ። የራሴ ብቻ ቢሆን እንዲህ አይከብደኝም ነበር፤ አንቺ በዝምታሽ የከፈልሽበት ነው። ዝም ብል ደግሞ አንድ ቀን ድንቢጥ እዚችው ባልዲ ላይ ተቀምጣ ደብዳቤ ስትጽፍልኝ ይታየኛል።

ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ቁጭ ብዬ "ወጌሻው በእጁ ሰጠኝ፣ አሰልጣኙም ያውቃል" እያልኩ እለማመዳለሁ። የልብስ ማጠቢያው ማሽን ሲጮህ ጥርት አድርጌ እለዋለሁ። ማሽኑ ዝም ሲል ድምፄም አብሮ ይጠፋል።

ግን አንድ ነገር አለኝ። የውድድሩ ዕለት ሆዴን ስለቆረጠኝ ያልዋጥኩት አንድ እንክብል መሐረቤ ውስጥ ቋጥሬ አስቀምጫለሁ። ነገ ይዤው እገባለሁ። ሽንት ተቀባይዋ ሴትዮም ትገኛለች ብለውኛል፤ ለእሷ ስል ቀና እላለሁ። ከየት አመጣሽው ሲሉኝ አፌ ከታዘዘልኝ እናገራለሁ። እንደ ልማዱ ከከዳኝ እንክብሏን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያም ያስዋጠኝ ማን እንደሆነ በጣቴ አሳያለሁ። አሰልጣኙ አጠገቤ ስለሚቀመጥ፣ ጣቴ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ሁሉም አልፎ ይሆናል፤ እኔም ምናልባት መንገድ ላይ እሆናለሁ። እማዬ ካለቀሰች አባብያት። እኔ አልተቀየምኩሽም፤ አንቺም በእኔ አትቀየሚ፣ ያደረግሽልኝን የናቅኩት እንዳይመስልሽ። ድንቢጥ ትሩጥ፣ ሩጫ አትከልክያት። ቤት ድረስ መጥቶ ልውሰዳት የሚል ሰው ካለ ግን እኔ እስክደርስ በሩ ላይ አንቺ ቁሚልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ድንቢጥን ሁለቱንም ጉንጯን። ፈጣሪ ጤናችሁን ይስጣችሁ፣ አንቺን ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ እንቅልፍ ይስጥሽ።

አክባሪሽ፣
መካከለኛዋ እህትሽ