ድምፄን ዝጉልኝ

ጥር 13

ነፋሱ ከደባርቅ በኩል አቧራውን እያመጣ መደርደሪያዬ ላይ ይከምረዋል። ጧት የወለወልኩት ከሰዓት በኋላ ያው ነው። መድኃኒት ቤቱ ዛሬ ጭር ብሏል።

የጥምቀት ዕለት ካህናቱና ሕዝቡ ታቦቱን ሲያጅቡ የቀረጽኩትን ቪዲዮ የቪዲዮ አፑ ላይ ለቅቄው ነበር። ዛሬ ሳየው ድምፅ የለውም። ሰው አፉን ይከፍታል፣ ያጨበጭባል… ዝም። ከሥሩ «ድምፁ ተዘግቷል» ይላል።

ለሰብስቤ አሳየሁት፣ ከጎኔ ስልክ ለሚጠግነው። ሳቀብኝ።

«ከኋላ ሱቅ ውስጥ ዘፈን ተከፍቷል፣ አልሰማሽም? ዘፈኑ ባለቤት አለው። ያሳተመው ድርጅት አፑ ላይ አስመዝግቦታል። ያለ ፈቃድ የለቀቀውን ሁሉ ማሽኑ ራሱ እየሰማ ይዘጋዋል።»

«እኔ ምን ሸጥኩበት?»

«አልሸጥሽበትም። ግን ባለቤቱ ቢከስ የሚከሰው አፑን ነው። እነሱ ደግሞ መከሰስ አይፈልጉም።»

ሌላም ምክንያት አለ አለኝ። ጠብ የሚጭር፣ ሰውን በሰው ላይ የሚያስነሣ ድምፅም ይዘጋል።

ትንሽ ተናደድኩ። በአንድ ዘፈን የተነሣ ካህናቱንም ዘጉብኝ።

ጥር 16

ያርጋል ሚኒባሱን ቀደም ብሎ አቆመ። ከጎንደር ብርቱካን አመጣልኝ። ባል ማለት እንዲህ ነው አልኩት፣ ሳቀ። መንገዱ ሰላም ነበር አለ።

ጥር 22

የራሴን ድምፅ ሰማሁ።

አንድ ሰው ፋሻ ሊገዛ መጣ። እስካወጣለት ድረስ ስልኩን ይነካካል። አንዲት ሴት ታዜማለች። ደስ የሚል ድምፅ ነው እያልኩ… ከዚያ ቃሉ ገባኝ።

ተነሣ ዳማዬ፣ ቀኑ ደርሶልሃል፤
አንተ ከተኛህማ ማንስ ይነሣልናል።

እኔ ነኝ! ታኅሣሥ ላይ፣ አምባራስ ገጠር፣ አጎቴ አያ ገዱ ገብስ ሲያበራዩ። ዳማ የሚባለው በሬያቸው አውድማው መሃል ተኝቶ አልነሣም አለ። እኔ ግጥም ወረወርኩለት፣ ሰው ሁሉ ተቀበለኝ፣ የአያ ገዱ ልጅ ሃና በስልኳ ቀረጸችኝ። ተሳሳቅን፣ አበቃ። አበቃ ብዬ ነበር።

«እስቲ ልየው» አልኩት ሰውዬውን።

አውድማ የለም። በሬ የለም። መሣሪያ የያዙ ሰዎች ገደል ለገደል ሲወጡ… የኔ ድምፅ ከላያቸው ላይ።

ፋሻ ብሎኝ ጥጥ ሰጠሁት። እሱም ሳያይ ይዞ ሄደ።

ጥር 23

ሃና ጋ ደወልኩ። ደባርቅ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው።

«ወይኔ እቴቴ! እኔ እኮ ያኔውኑ ሙሉውን ለቅቄው ነበር። ማን እንደቆረጠው አላውቅም። አሁንማ ስንቱ ሰው ነው የሚጠቀምበት!»

ሙሉው ላይ ቀጥሎ ስለ ገብሱ ነው የምለው፣ አበራይተህ ገለባህን ትበላለህ እያልኩ። ያንን ቆርጠው ጥለውታል። የቀረው ተነሣ፣ ተነሣ ብቻ። ሰዎች ከሥሩ «ዳማ ማን ነው?» ብለው ይጽፋሉ አለችኝ። አንዱ «የአንድ የታወቀ ተዋጊ የፈረስ ስም ነው» ብሎ መልሷል። ሃና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

«ያንቺን አጥፊው» አልኳት። አጠፋችው። ያኔ ልካልኝ ስለነበር የኔ ስልክ ላይ ብቻ ነው አሁን ሙሉው ያለው። የተቆረጠው ግን… እሱ በማን እጅ ነው?

ጥር 27

ያርጋል መጣ። እራት አቀረብኩ፣ አልነካውም።

«አምባ ጊዮርጊስን አለፍ እንዳልን ኬላው ላይ ተሳፋሪውን አስወረዱብኝ» አለኝ። «ወታደሩ የተሳፋሪ ስልክ ይፈትሻል። ከአንዱ ስልክ ላይ አንቺ ወጣሽ።»

«እኔ?»

«ድምፅሽ። ‹ዳማ ማነው? ይቺስ ሴት ማን ናት?› ብሎ ጠየቀ። ልጁ አላውቅም አለ። ወደ ጎን ወሰዱት።»

«አንተስ?»

«መሪዬን ጨብጬ ወደ ፊት አየሁ። ምን ልበል?»

ከዚያ ደግሞ ሲመለሱ ሌሎቹ፣ ጫካ ያሉት ታጣቂዎች፣ አስቆሟቸው። እነሱም ከፍተውታል። ለተሳፋሪው አጨብጭቡ አሉት።

«አጨበጨብኩ ጤናዬ። አብሬ አጨበጨብኩ።»

ያ የተወሰደው ልጅስ? ስንመለስ ኬላው ላይ አልነበረም አለ። ይልቀቁት አይልቀቁት አያውቅም። ስሙን እንኳ አናውቅም።

እኔ ለበሬ ነው የዘፈንኩት። ማን ያምነኛል?

ጥር 28

ሰብስቤን ሱቅ ውስጥ አስገብቼ በሩን ገርበብ አደረግሁት። ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አለ በሹክሹክታ።

«ያን ጊዜ የሰው ዘፈን ወዲያው ነው የተዘጋብኝ። የኔን ለምን አይዘጉትም?»

«ያንቺን ማን አስመዘገበው? ማሽኑ የሚያውቀው የሰጡትን ነው። ያንቺ ሜዳ ላይ ወድቆ የተገኘ ነው፣ ማንም ያነሣዋል።»

ሁለት መንገድ አለ አለኝ። አንደኛው፣ ድምፁ ጠብ ያነሣሣል ብሎ መጠቆም ነው። የጠቋሚ ስም አይወጣም። ሁለተኛው፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ ማለት። እዚያ ላይ ግን ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ ይጠይቃሉ። የማስገባውን ደግሞ ለለቀቀው ሰው ያሳውቁታል፣ ማን እንደከሰሰው ማወቅ መብቱ ነው አለ።

የመጀመሪያውን አደረግን። የራሴን ድምፅ «ሰው ያፋጃል» ብዬ ከሰስኩ።

የካቲት 2

መልስ መጣ። «የጠቆሙትን ድምፅ መርምረናል። ደንባችንን የሚጥስ ነገር አላገኘንበትም።»

ምን ያገኙበታል? እውነታቸውን ነው። ከዚህ ሁሉ ሰው ቃሉን እንዳለ የሰሙት እነሱ ብቻ ናቸው። ምን ይጠቅመኛል ታዲያ?

የካቲት 5

አያ ገዱ ለገበያ ዳባት ወርደው ነበር። መድኃኒት ቤት ሲገቡ ፊታቸው በርቷል።

«ልጄዋ! አገር ምድሩ አንቺን ይሰማል አሉ! ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ፣ የአንዱ ስልክ ‹ተነሣ ዳማዬ› ሲል ሰማሁት እኮ!»

«ምን አሉ አያ ገዱ? እርስዎ ምን አሉ?»

«ምን እላለሁ? ይችማ የኔ ልጅ ጤናዬ ናት፣ እዚሁ መድኃኒት የምትሸጠው፣ ለኔው በሬ ነው የዘፈነችው አልኩ! ሳቁብኝ። ሽማግሌ ሲቀባጥር ብለው ይሆናል።»

«ማን ማን ነበረ እዚያ?»

«ሰው ነዋ። ሰው ሞልቷል። መለዮ የለበሱም ነበሩ፣ ጥግ ላይ… ምነው? ምን አጠፋሁ?»

አስቀመጥኳቸውና ነገርኳቸው። የኬላውን፣ የተወሰደውን ልጅ። ቀስ እያሉ ኮፍያቸውን አወለቁ። ትልቅ ሰው ሲፈራ ማየት እንዴት ይከብዳል። አጎቴ ምንም ፈርተው አያውቁም ነበር።

«ልመለስና ዋሸሁ ልበላቸው?»

«ተዉት። ከተመለሱ ይባስ ነው።»

እስከ መናኸሪያው ሸኘኋቸው። መንገድ ላይ ያየን ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ መሰለኝ። ሲሳፈሩ ጉንጬን ስመው «እግዚአብሔር ይጠብቅሽ» አሉኝ፣ ከዚያ ዙሪያቸውን አዩ፣ ይህንንም ጮክ ብለው ተናግረው እንደሆነ።

የካቲት 6

ከእንግዲህ መደበቅ ምን ዋጋ አለው? ሰብስቤ ጋ ሄድኩ። «ሁለተኛውን እናድርገው» አልኩት።

ሙሉ ስም። ጤናዬ ሀብተ ሚካኤል። አድራሻ። ዳባት። «የዚህ ድምፅ ባለቤት እኔ መሆኔን በእውነት አረጋግጣለሁ።»

ሰብስቤ «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። አይደለሁም። ላከው አልኩት።

ስንቱ ሰው ድምፄ የኔ ነው ብሎ ለመናገር ይጓጓል። እኔ የምናገረው እንዲዘጋልኝ ነው።

የካቲት 9

ተዘጋ! ሃና ናት ደውላ የነገረችኝ። ያንን ቪዲዮ ከፈትኩት። ሰዎቹ ገደሉን ይወጣሉ፣ አፋቸው ይከፈታል… ዝም። «ድምፁ በባለቤቱ ጥያቄ ተነሥቷል።» ሌላውን ከፈትኩ፣ ዝም። ሌላውንም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ መልእክት ገባ። ከማላውቀው ሰው።

«ጤናዬ ሀብተ ሚካኤል፣ ዳባት። ስምሽ ደርሶኛል። በአንቺ ምክንያት ገጼ ሊዘጋ ነው። ክስሽን አንሺ። ካላነሣሽ የማን ድምፅ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።»

ቆርጦ የለቀቀው እሱ ነው። የት ነው ያለው? አዲስ አበባ? ጎንደር? ወይስ እዚሁ፣ ከሻይ ቤቱ ማዶ?

የካቲት 10

ያርጋል «አንሺው» አለኝ። «ድምፅ ነው፣ ይመለስ። አንቺ ከምትጠፊ።»

«ቢመለስ ደግሞ ሌላ ተሳፋሪ ይወስዳሉ።»

«እኔ አንቺን ነው የማውቀው!» ጮኸ። ጮኾብኝ አያውቅም። ከዚያ ወጥቶ ሚኒባሱ ውስጥ ብቻውን ተቀመጠ። ሄጄ አጠገቡ ገባሁ።

በመጨረሻ ሙሉውን ቪዲዮ እንልቀቀው ተባባልን። ስልኬ ላይ ያለውን። በሬው ሲታይ፣ አያ ገዱ ጭራውን ሲጎትቱ፣ ስለ ገብሱ ስዘፍን። ሰውዬው ስሜን ቢያወጣ እንኳ እውነቱ ቀድሞት ይጠብቀዋል። ፊቴ ይታያል… ይታይ።

ለቀቅሁት። ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ጠፋ።

«ድምፁ በባለቤቱ ጥያቄ ተነሥቷል።»

ባለቤቱ እኔ! ማሽኑ ድምፄን አሁን ያውቀዋል፣ እኔው ነኝ ያስተማርኩት። ከሳሽም እኔ፣ የተዘጋብኝም እኔ። ሰብስቤ ለራሴ ቪዲዮ ፈቃድ የሚሰጥበት መንገድ አለ፣ ግን ጊዜ ይወስዳል አለ። ጊዜ የት አለኝ?

ቪዲዮው ላይ ፊቴ አለ፣ በሬው አለ፣ አፌ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደምል የሚሰማ የለም። ሃና ከሥሩ «ዳማ በሬ ነው» ብላ ጻፈችበት። አንዳንዱ ሳቀ። አንዱ «ዳማን ጥሩ አድርገው ነው የሚደብቁት» አለ።

የካቲት 13

መኪና ከደጅ ሲቆም ሁሉ እነሣለሁ። እስካሁን የመጣ የለም።

የካቲት 21

የሰውዬው ገጽ ጠፍቷል። ሰብስቤ ሌላም ክስ ነበረበት መሰለኝ፣ ዘግተውት ይሆናል አለ። ወይስ ስም ቀይሮ ሌላ ከፈተ? ስሜን አላወጣም። ግን ስሜ እሱ ዘንድ አለ። እስከ መቼ?

ያርጋል የጎንደሩን መስመር ትቶ ወደ ደባርቅ ነው አሁን የሚጭነው። ስለ ተወሰደው ልጅ ሹፌሮቹን ጠይቆ ነበር። አንዱ ተለቅቋል አለ። ሌላው አላየሁትም አለ።

መጋቢት 4

አፑ ላይ ቢዘጋም ሰው ስልክ ውስጥ ቀርቷል። ባለፈው ሳምንት የአንዱ ደንበኛ ስልክ ሲጠራ የጠራው በኔ ድምፅ ነው። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ውስጥ አልናገርም። አወሳሰዱን ካርቶኑ ላይ እጽፋለሁ፣ በጣቴ አሳያለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ። ጉሮሮዋን አሟታል ይላሉ። ይበሉ።

ዛሬ አንዲት እናት ለልጅ ልጃቸው መድኃኒት ሊወስዱ መጡ። አንዱ የሚጠጣ፣ አንዱ ጆሮ ውስጥ የሚጨመር። ጠርሙሶቹ ይመሳሰላሉ። በዚያው ሰዓት ጠመንጃ ያነገተ ሰው ገብቶ ከኋላቸው ቆመ። የየትኛው ወገን እንደሆነ አልለየሁም። ለመለየትም ቀና አላልኩም።

ጻፍኩላቸው። «ልጄ፣ እኔ ፊደል አላውቅም» አሉኝ። በጣቴ ጆሮዬን አሳየሁ። «አዎ፣ እኔም ጆሮዬ ይከብዳል» አሉ። በሹክሹክታ ሞከርኩ። አልሰሙኝም። የጆሮውን ጠርሙስ አንሥተው «እንግዲህ ይችን ጧትና ማታ አጠጣዋለሁ» ብለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

«እማማ፣ እሱን እንዳያጠጡት!» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። «የጆሮ ነው! የሚጠጣው ያኛው ነው፣ ቀይ ክዳን ያለው! ይኸን ጆሮው ውስጥ ብቻ!»

ሰውዬው ቀና አለ። አየኝ። እኔ ግን መናገሬን አላቆምኩም፣ እስኪገባቸው ደጋግሜ ነገርኳቸው። እሳቸውም ደገሙልኝ። ትክክል። መርቀውኝ ወጡ።

ተራው የሱ ሆነ። የራስ ምታት ክኒን ጠየቀ፣ ሰጠሁት። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«የት አገር ነሽ?»

«እዚሁ። ዳባት።»

ራሱን ነቀነቀና ሄደ። አወቀኝ? አላወቀኝም? እንጃ። መደርደሪያውን ተደገፍኩ። በሩን ልዝጋ አልኩ፣ ቁልፉንም አነሣሁ።

የሳል መድኃኒት የፈለገ ሰው ገባ።

«ለልጅ ነው ለአዋቂ?» አልኩት።