አይሰራም ያልሽው ማጉያ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣

እትዬ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ወይስ አሁንም ደረጃው መሃል ሲደክምሽ ቁልፍ የጠፋብሽ መስለሽ ቦርሳሽን ትበረብሪያለሽ? እኔ ለአካሌ ደህና ነኝ። ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ትንሿ ስምሽን እያነሳች መቼ ነው የምትመጣው እያለች ትነዘንዘኛለች። ደህና ያልሆነው ሌላ ነገር ነው፤ ብዕር ያነሳሁትም እሱን ልነግርሽ ነው።

ስልክ አጥተህ ነው ወይ እንደምትይ አውቃለሁ። በስልክ ከሆነ ገና ሄሎ ስል ከድምፄ ሁሉን ታውቂብኛለሽ። ከዚያ እኔ አንድ ቃል ሳልናገር አንቺው ይቅር ብለሽ ወሬ ትቀይሪያለሽ። እንደዚያ በቀላሉ እንዳላመልጥ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሁለት ትራንዚስተሮች ጎን ለጎን ለሚሠሩበት ለዚያ የሬዲዮ ሞገድ ማጉያ የፈጠራ ባለቤትነት መብት እንዳመለከትኩ ታውቂያለሽ። ማመልከቻዬን የሚያየው የመሥሪያ ቤቱ መርማሪ መጀመሪያ ውድቅ አድርጎብኝ እንደነበር ግን ደብቄሻለሁ። ማጉያው መሥራቱን አልካደም። እንዲህ ያለ ሰርኪዩት ከዚህ በፊት እንዳልተሠራም አምኗል። ነገር ግን አዲስ መሆን ብቻውን አይበቃም አለ። በሁለቱ ትራንዚስተሮች መግቢያ መሃል ኮረንቲ የሚገታ ሬዚስተር ማስገባት ሙያውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ቢያስብ የሚደርስበት ነገር ነው፣ ይህ ፈጠራ አይባልም ብሎ መለሰኝ።

ጠበቃዬ ከእባብ እንቁላል እርግብ የሚያስፈለፍል ሰው ነው። መጽሐፍ አታምጣልኝ፣ ሰው አምጣልኝ አለኝ። ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሥዕሉን አይቶ አይሰራም ብሎ ከሳቀ፣ ነገሩ ለማንም የሚታይ እንዳልነበር ሳቁ ራሱ ማስረጃ ይሆናል አለኝ። እኔም አፌ ቀደመኝና እህቴ ስቃለች አልኩት።

ስቀሽ ነበር፤ እሱን አልዋሸሁም። ወርክሾፑ ገብተሽ፣ ኮትሽን እንኳ ሳታወልቂ፣ መነጽርሽን ግንባርሽ ላይ ሰቅለሽ ሥዕሉን አየሽና ከት ብለሽ ሳቅሽ። ይሄ አይሰራም፣ እንኳን ሊያጎላ ያፏጫል አልሽ። ከዚያ ሳትተነፍሺ ቀጠልሽ። እነዚህ ሁለቱ አንድ በረት እንደገቡ ወይፈኖች ይዋጋሉ፣ መሃላቸው ገላጋይ አስገባ፣ ትንሽዬ ሬዚስተር ትበቃለች አልሽ። በራሴው እስክሪብቶ የሬዚስተር ምልክት የሆነችውን ዚግዛግ ጫር አድርገሽበት፣ በል አሁን ምሳ ጋብዘኝ አልሽ። እኔም ጋበዝኩሽ።

ለመርማሪው የነገርኩት እንግዲህ ያፏጫል እስካልሽው ድረስ ያለውን ነው። የቀረውን ዋጥኩት። ያሳየሁትም ገላጋዩ የገባበትን ሥዕል ነው፤ አንቺ የሳቅሽው ግን ገላጋዩ በሌለበቱ ላይ ነበር።

መርማሪው ጠርጣራ ነው። ስልክ ቁጥርሽን ከእኔው ተቀብሎ እዚያው ስብሰባው ላይ ፊቴ ደወለልሽ፤ ሁላችንም እንድንሰማም ድምፁን ከፈተው። ክፍሉ ውስጥ እነማን እንዳለን ነገረሽ። ያን ሁሉ ዘመን በሬዲዮ ማሰራጫ ጣቢያው ስትሠሪ ተሳስቻለሁ ብለሽ አታውቂም። ሥራ አስኪያጁ ፊት እንኳ ካልሽው ንቅንቅ ባለማለትሽ ነው ወይ ፍንክች የሚል ስም የወጣልሽ። እንዲህ ያለች ሰው ያልሠራችውን ስህተት ተሸከሚ ስትባል እሺ ትላለች ብዬ አላሰብኩም። እውነቴን ነው፣ ግማሹ ልቤ እንድታጋልጪኝ ፈልጎ ነበር።

አንቺ ግን መጀመሪያ፣ ወንድሜ ምን አለ ብለሽ ጠየቅሽ። መርማሪው ቃሌን አነበበልሽ። ከዚያ፣ አዎ፣ አይሰራም ብዬ ስቄበታለሁ፣ ተሳስቼ ነበር፣ ወንድሜ ከእኔ የተሻለ አየ አልሽ። መርማሪው አመሰገነሽ። ጠበቃዬ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ነካ አደረገኝ። እዚያው ነበርኩ፣ እትዬ። አፌን የሰፉት ይመስል ዝም አልኩ።

ከስብሰባው ስወጣ ደወልሽልኝ። ስለ ጉዳዩ አንድም ነገር አላነሳሽም። በልተሃል ወይ አልሽኝ። በልቻለሁ አልኩሽ። እሱም ውሸት ነበር።

መብቱ ተሰጠኝ። ውሳኔው ለሕዝብ በሚወጣው መጽሔት ታትሟል፤ ያንቺም ቃል አብሮ ታትሟል። ያ ስትቆጪው እጁ የሚንቀጠቀጠው የጣቢያችሁ የአንቴና ሠራተኛ መንገድ ላይ አገኘኝና፣ ወይ ፍንክችም ፍንክች አለች እንዴ ብሎ ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ። ከሁሉ የበለጠ የሚያንገበግበኝ ይቺ ሳቄ ናት።

ምን ጎደለብህ ብትይኝ ምንም አልጎደለብኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ያንቺ ወንድም ነበርኩ፤ የተቀጠርኩትም የተከበርኩትም በዚያ ነው። አንዲት ነገር፣ አንዲት ብቻ፣ የእኔ ትሁን ብዬ ጓጓሁ። አሁን ማኅተም ያለበት ወረቀት ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ደንበኛ ገብቶ እንኳን ደስ ያለህ ሲለኝ ዕቃ የምፈልግ መስዬ ጎንበስ እላለሁ።

መብቱ ላይ ስምሽን ማስገባት ይቻላል፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። የሆነውን እንደሆነው ጽፌ መፈረም ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ምናልባት መብቱ ጭርሱን ይሰረዝ ይሆናል፤ ይሰረዛ። መሥሪያ ቤቱ በር ድረስ ደጋግሜ ሄጄ ተመልሻለሁ። እሷም እኮ ዋሽታለች፣ ብናገር እሷንም አጋልጣታለሁ እያልኩ ለራሴ አሳብባለሁ። ባንቺ አሳብቤ ወሰድኩት፣ አሁን ደግሞ ባንቺ አሳብቤ አልመልስም። ነውር ማለት ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ነው?

ለመርማሪው መጻፍ የሚገባኝን ሁሉ አንድም ሳይቀር ለምታውቂው ላንቺ እየጻፍኩ መሆኔን ልብ ሳትይው አትቀሪም። አደራሽን ይቅር አትበይኝ። ታዘቢኝ፣ እትዬ፣ ታዘቢኝ ብቻ።

ፈጣሪ ጤናሽን አይንሳሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ሰው ፊትም አያሳንስሽ፤ እኔ ያሳነስኩሽ ይብቃሽ።

ታናሽ ወንድምሽ