አገዳው ላይ የቀረው ጣዕም

ሰኞ፣ ጥቅምት ፲፭

ጣፈጠኝ። ባይጣፍጠኝ ምናለ።

ከደሴ የወረድኩት እህቴን ዘሀራን ልጠይቅ ነው። ማሽላዋ ከኮምቦልቻ በታች፣ በደጋን መንገድ ዳር ነው። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ሄደ። አንድ አገዳ ሰብሬ፣ ልጬ አኘክሁ። ማር! ዘሀራ ታየኛለች።

«እ?»

«ደህና ነው።»

«ከንፈርህን ስትልስ አየሁህ እኮ! ጥንቅሽ ሆኗል በለኝ።»

እዚህ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ የማሽላ አገዳ እንዲህ ከጣፈጠ ዛላው ላይ ያለው ፍሬ አልሞላም ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፮

ጎረቤቷ ሼህ ይመር መጥተው እሳቸውም አኘኩ።

«ወላሂ፣ ለበሬ ነው የጣፈጠው። ሳይደርቅ እጨጂው።»

«እስከ ጁምዓ ይታገሡኝ፣ ሼህ።»

«እኔማ እታገሣለሁ። ፀሐዩን ለምኚው!»

ካጨደች በሬው ይተርፋል፣ እህሉ ይቀራል። ከጠበቀችና ካልዘነበ ሁለቱም የሉም። ባሏን ጣልያኖች ለመንገድ ሥራ ወስደውታል። ያኔ ልጆቿን ይዛ ደሴ እኔ ጋ መምጣቷ ነው። ያለኝ አንድ ክፍል ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት ክፍሉን መሆኑ አሳፈረኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፲፯

ስዞር፣ ስቀምስ ዋልኩ። ላም ገብታ ዛላውን የቀነጠሰችው አገዳ ከሁሉም ይጣፍጣል። ቅጠሉን ሙልጭ አድርጋ የበላችው ግን ውሃ ውሃ ይላል። እንግዲህ ጣዕሙ የሚነሣው ከቅጠሉ ነው፤ ወደ ፍሬው ሲሄድ የሚቀበለው አጥቶ አገዳው ላይ ይቀራል። ልጅ ሆኜ ስንቱን አኝኬ ስተፋ ይህን አላሰብኩም። እግር የለው፣ ድምፅ የለው። ይሄዳል። እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

«ከማሽላ ጋር ማውራት ጀመርክ? ደሴ ያስተማረችህ ይህን ነው?» አለች ዘሀራ። ሳቀች፤ ከመጣሁ ገና ዛሬ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፰

ዘነበ። ብዙ አይደለም፤ ጭቃው ግን እግሬን ያዘኝ። ሼህ ይመር ከአጥር ማዶ «አልሐምዱሊላህ! ማጭዱን ደብቂው!» ይላሉ። ዘሀራ ደስ ማለት ፈራች።

ዓርብ፣ ጥቅምት ፲፱

ዛሬም ይጣፍጣል። ጁምዓ ደረሰ። ዘሀራ ማጭዱን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች።

እሑድ፣ ጥቅምት ፳፩

ከድንጋያማው ጥግ ያለው አልዳነም፤ ማር እንደሆነ ነው። ለበሬው አጨድነው።

መሐል ማሳው ላይ ዘሀራ አንዲት ፍሬ በጥፍሯ ጨመቀች። ነጭ ወተት ወጣ። ሌላ ጨመቀች፤ ወተት። አጠገቧ ያለውን አገዳ ሰብራ ሰጠችኝ።

«ቅመስ። አትዋሸኝ።»

አኘክሁ። ሰኞ እዚህ የነበረው የት ሄደ? ቀና ብዬ ዛላውን አየሁት። ፍሬው እስኪደርቅ ወፍ አለ፣ ተምች አለ፤ አውቃለሁ።

«እ?» አለች።

«ምንም ምንም አይልም» አልኳት። እንዲህ የጣፈጠኝ ነገር የለም።