ጠበቃችንን አሹመን ሸኘነው

ኮልፌ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለአምሐ ሀብተማርያም
ጎሬ

ውድ ባለቤቴ፣

በፖስታው ላይ «ለክቡር ዳኛ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ፖስታ ቤቶቹ እንዲያከብሩህ ነው። እዚህ ውስጥ ግን አምሐ ነህ። እንዴት ሰነበትክ? የጎሬ ዝናብ ደረትህን እንዳይመታህ ሹራቡን ከካባህ ሥር ልበሰው። እኛ ደህና ነን ልል ብዕር አነሣሁና እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለንም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ከደጃፉ ኮክ ተተክሏል፣ መንገደኛው ሁሉ ባርኔጣውን ያነሣልሃል፤ «ምን ትጠብቂያለሽ፣ ነይ እንጂ» ትለኛለህ። ስለ ኮልፌው ክርክር ግን አንዲት ቃል የለችበትም። አገላብጬ ፈለግኋት፤ የለችም።

እንግዲህ እኔ ልንገርህ። ተፈርዶብናል። ፊታውራሪ መሸሻ መሬታቸውን እንዲረከቡ፣ እኛም ክረምት ሳይገባ ቤታችንን አፍርሰን እንድንለቅ ተወስኗል። አንተ ዓመታት የተሟገትክበት፣ «ቤቱን የሠሩት የፊታውራሪ አባት ፈቅደውላቸው ነው፣ ምስክር አለ» እያልክ ባላጋራን ላብ በላብ ያደረግክበት ነገር በአንድ ጠዋት አለቀ። በአንተ ቦታ የተተካው ጠበቃ ምስክሮቹን በስም እንኳ አያውቃቸውም። አባባ ቢያዩት ቢያዩት አልሆን ሲላቸው ራሳቸው ተነሡ። እንደ ድሮው ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ዘንጋቸውን ወደ ላይ አንሥተው «በሕግ አምላክ!» ብለው ሲጀምሩ፣ ወጣቱ ዳኛ «አባት፣ ያሳጥሩት» አላቸው። ያቺን ቆጮና ቅቤ የሚሸጡባትን ሱቅ ታውቃታለህ፤ እዚያ ሲከራከሩ አፋቸው አያርፍም። ያን ቀን ግን ዘንጋቸውን አውርደው ተቀመጡ።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አንተን ከእጃችን ያወጣንህ እኛው ነን። ያኔ ቀኑን ሙሉ ችሎት ትውል ስለነበር ሰፈር ውስጥ የሆነውን ሁሉ አላየህም፤ ስለዚህ ስማኝ።

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ ማመልከቻ ስትጽፍ የሚያውቅህ ሰፈር ነው። ማታ ማታ ሕግ ተምረህ የጥብቅና ፈቃድ ስታወጣ፣ እልልታው እስከ ዘነበወርቅ ተሰምቷል። ቆየት ሲል ግን ጠበቃነት አነሰህ ተባለ። «ጠበቃ ይለምናል፣ ዳኛ ያዛል» አሉ አባባ፤ «ልጃችን ወንበር ላይ ቢቀመጥ ማን ያፈናቅለናል?» ሰሚው ሁሉ እውነት ነው አለ። ታዲያ ሹመት ያለ ደጅ ጥናት አይገኝም። ደጁ የሚጠና ትልቅ ሰው ደግሞ ከፊታውራሪ በቀር አናውቅም። በችሎት ባላጋራችን ናቸው፣ በዓመት በዓል ጌታችን ናቸው፤ እንዲህ ነው የኖርነው። ሽማግሌዎቹ በየማለዳው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ማሩንም ሙክቱንም ይዘው ከበራቸው ቆሙ።

ፊታውራሪ ልመናውን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ አሉ። «አቶ ኃይለመስቀል፣ ይኼ ምን ይቸግራል! ልጃችሁ የእኔም ልጅ አይደለም እንዴ?» አሏቸው። ስንቱ ዕድሜውን የሚፈጅበት ደጅ ለእኛ ወር ሳይሞላው ተከፈተ። ምነው ይህ እንኳ ባስጠረጠረን! ሹመቱ ሲመጣ ጎሬ ሆነ። አባባ ግን «ዛሬ ጎሬ፣ ነገ አዲስ አበባ» እያሉ ሰፈሩን ሁሉ አፅናኑ።

ለድግሱ በሬውን የላኩት ፊታውራሪ ናቸው። ሰዉ እስኪጠግብ በላ። አንተ ብቻ አልቀመስክም። «ጥርሴን አሞኛል» ብለህ ጉንጭህን ይዘህ ዋልክ፤ እኔም አምኜህ ቅርንፉድ ቀቀልኩልህ። በማግሥቱ አውቶቡስ ተራ ተሰናብተን ከተለያየን በኋላ፣ የረሳኸውን ሹራብ ይዤ ብመለስ፣ በመስኮቱ በኩል ቆሎ ስትቆረጥም አየሁህ። ለካ የፊታውራሪ በሬ ለምን እንደታረደ አውቀህ ኖሯል ያልቀመስከው። ሹራቡን በሌላ ተሳፋሪ እጅ የላክሁልህ ለዚህ ነው። ለአባባ አልነገርኳቸውም፤ ልባቸው አይችለውም።

አሁን ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልትዛወር ነው ተብሎ ሰፈሩ በደስታ ታምሷል። ይግባኛችን የሚታየው እዚያ ነው። አባባ ከተፈረደብን ወዲህ ያን ቀን ገና ሳቁ። «ጻፊለት፣ ዝውውሩን ያፋጥነው። ልጃችን ራሱ ይፈርድልናል» አሉኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? ሰው ጠበቃ ሆኖ የቆመበትን ነገር ዳኛ ሆኖ እንደማያይ ያስተማርከኝ አንተው ነህ። ስማችን ሲጠራ ከወንበሩ ተነሥተህ ትወጣለህ። ጠበቃ ሳለህ አፋችን ነበርክ፤ ዳኛ ሆነህ ለእኛ ዲዳ ነህ። ይህን ፊታውራሪ ሳያውቁት ቀርተው ነው በሬ የሰጡን?

ስለዚህ ጎሬ አልመጣም። አንተ ና። ካባውን መልሰህ፣ በዚያች ክርኗ ባለቀ ኮትህ ና። ሹመቱን ጥሎ የመጣ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ ይበሉ፣ ከጎንህ ሆኜ እሰማዋለሁ። አምሐ፣ በጣም ተቀይሜሃለሁ። በጣምም ናፍቀኸኛል። ሁለቱን አንድ ላይ ይዤ ማደር ከበደኝ።

ይግባኙ ግንቦት ላይ ይሰማል። ካልመጣህ የምቆመው እኔ ነኝ። ዳኞቹ «ጠበቃችሁ የት ሄደ?» ቢሉኝ፣ «አሹመን ሸኘነው፣ ጌታዬ» እላቸዋለሁ።

አባባ «ወንበርህን ያጽናልህ» ብለው መርቀውሃል። አሜን ልል ብሞክር ከአፌ አልወጣ አለኝ። የእኔ ምርቃት እግዚአብሔር በሰላም ቤትህ ያግባህ ነው።

ባለቤትህ
ተናኘ ኃይለመስቀል

ጥርስህስ፣ ተሻለህ?